ፈጣን መልእክት በጠረጴዛ ኮምፒዩተር፤ የትኛው ለየትኛው ጉዳይ ይበጃል?

በዛሬው ጊዜ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ጧት ቢሮው ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት፣ መዝገብ ቤት የመራለትን ደብዳቤ ከማንበቡ በፊት የሚያየው በስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ የሚለውን ፈጣን መልእክት ነው። የስብሰባው ሰዓት መለወጡን፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት መፈለጉን፣ ከጎርጎራ ወይም ከቁንዝላ የተላከው ሰነድ መድረሱን የሚያውቀው በዚሁ ነው። የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ እንደዚሁ ነው። ፔዳ፣ ፖሊና ዘንዘልማ እየተባሉ የሚጠሩት ግቢዎች ተራርቀው ስለሚገኙ፣ የመምህሩ ማስታወሻና የፈተናው ቀን ከግቢ ወደ ግቢ የሚደርሰው በእግረኛ ሳይሆን በዚሁ መልእክት ነው።

ነገሩ ይህን ያህል የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ቆም ብሎ ያላሰበበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ይህን ሁሉ ጉዳይ በየትኛው ፕሮግራም መላክ ይገባል? የተላከውስ ነገር ከአንድ ዓመት በኋላ ቢፈለግ ይገኛልን? የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ፕሮግራሙን የሚመርጠው ጓደኞቹ ስለሚገኙበት ነው። ይህም ክፉ ምክንያት አይደለም፤ ሰሚ በሌለበት መናገር ምን ይጠቅማል? ሆኖም ብቻውን በቂ አይደለም። ፕሮግራሞቹ በጠባያቸው እጅግ ይለያያሉና ልዩነታቸውን አውቆ እያንዳንዱን በየቦታው ማዋል የተማረ ሰው ተግባር ነው።

ያለፉት

በኮምፒዩተር ፈጣን መልእክት መለዋወጥ ለብዙኃን የተዳረሰው፣ አይ ሲ ኪው የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 በእስራኤል ወጣቶች ተሠርቶ ከወጣ ወዲህ ነው። በዓመቱ ኤይ ኦ ኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የራሱን አወጣ። በ1998 ያሁ፣ በ1999 ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤም ኤስ ኤን ሜሴንጀር የተባለውን ይዘው ተከተሉ። በ2003 የወጣው ስካይፕ ድምፅን በኢንተርኔት ከአገር ወደ አገር በነፃ ማስተላለፍ በመቻሉ ዓለምን አስደነቀ።

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ፣ በውጭ አገር ካለው ዘመዱ ጋር በያሁ ሜሴንጀር የተጻጻፈ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ አማርኛው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደሉን ይዘው እስኪገኙ ድረስ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ፣ ያው ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ፓልቶክ በተባለው ፕሮግራም ልዩ ልዩ የመወያያ ክፍሎች እየከፈቱ ስለ አገራቸው ሲነጋገሩና ሲከራከሩ ኖረዋል።

እነዚህ ፕሮግራሞች በየዘመናቸው ታላቅ ዝና ነበራቸው። ዛሬ ግን አብዛኞቹ የሉም። ኤም ኤስ ኤን ሜሴንጀር እ.ኤ.አ. በ2013 በስካይፕ ተተካ። የኤይ ኦ ኤል በ2017፣ የያሁ በ2018፣ አይ ሲ ኪው በ2024 ተዘጉ። ስካይፕም ራሱ በሜይ ወር 2025 ተዘጋ። ኩባንያዎቹ ተጠቃሚዎቻቸው የቀድሞ ጽሑፋቸውን አውጥተው እንዲያስቀምጡ ጊዜ የሰጡበት ሁኔታ ቢኖርም፣ በቀነ ገደቡ ያልተጠቀመ ሰው የዓመታት ወሬውን፣ ፎቶግራፉንና ሰነዱን አጥቷል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በፈጣን መልእክት የተጻፈ ነገር ግን በመጽሐፍ እንዳለ ሊቈጠር አይችልም። የሚኖረው ባለቤቱ እስከፈቀደለት ቀን ድረስ ብቻ ነው።

ዛሬ ያሉት

በአሁኑ ጊዜ በቢሮና በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ላይ ከሚገኙት መካከል ሦስቱን እንመልከት።

መጀመሪያ ቴሌግራም ነው። ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ሲሆን፣ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሦስቱ ሁሉ የተመቸ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ጊዜ በስልክ ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢያልቅ እንኳ በኮምፒዩተሩ ላይ ራሱን ችሎ ይሠራል። መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የቀድሞው ጽሑፍ በሙሉ ተከትሎ ይመጣል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ በአንድ ቡድን እስከ 200,000 ሰው ያስተናግዳል። ተማሪዎች የወደዱትም ለዚህ ነው፤ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ማስታወሻ በአንድ ቦታ ይከማችበታልና።

ጉድለቱም ከዚሁ ከምቾቱ የሚመነጭ ነው። ተራው የቴሌግራም መልእክት ከላኪው ተቈልፎ ተቀባዩ ዘንድ ብቻ የሚከፈት አይደለም፤ ቁልፉ በኩባንያውም እጅ ነው። «ምስጢራዊ ንግግር» የሚባለው ክፍል በዚህ ዓይነት የተቈለፈ ቢሆንም፣ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ በሚሠራው የቴሌግራም ፕሮግራም ውስጥ አይገኝም።

ሁለተኛው ዋትስአፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሥርቶ በ2014 በፌስቡክ ኩባንያ ተገዛ። ከ2016 ጀምሮ የሁሉም ተጠቃሚ መልእክት ከላኪው ተቈልፎ ተቀባዩ ዘንድ ብቻ የሚከፈት ሆኗል። ይሁን እንጂ ዋትስአፕ በመሠረቱ የስልክ ልጅ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ ስልኩ በርቶ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ በኮምፒዩተሩ ላይ የተከፈተው አንዳችም ሥራ አይሠራም ነበር። ከ2021 ወዲህ ይህ ተሻሽሎ፣ ከስልኩ ሌላ እስከ አራት የሚደርሱ መሣሪያዎች ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ ተደርጓል። ቢሆንም ዋናው ስልክ ለ14 ቀን ሳይከፈት ከቈየ ኮምፒዩተሩ ከግንኙነቱ ይወጣል።

ሦስተኛው ሲግናል ነው። ባለቤቱ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ዋትስአፕ የሚጠቀምበትን የመቈለፊያ ዘዴ የፈለሰፉት የሲግናል ሰዎች ናቸው። ስለ ተጠቃሚውም የሚያከማቸው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን እርሱም መጀመሪያ በስልክ መከፈት አለበት። ከዚህም በላይ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው መልእክት የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ምስጢር የሚጠብቅ ዕቃ ባለቤቱን ጥንቃቄ ይጠይቃል ማለት ነው።

ኢንተርኔት የማይሹት

ብዙ ሰው የማያውቃቸው አራተኛ ወገኖች አሉ። እነዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኔትዎርክ የተገናኙ ኮምፒዩተሮች ያለ ኢንተርኔት እርስ በርሳቸው እንዲጻጻፉ የሚያደርጉ ናቸው። አይፒ ሜሴንጀር የተባለው የጃፓን ፕሮግራምና ቢቢፕ የተባለው ለምሳሌ የሚጠቀሱ ሲሆን፣ ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ዋና ሰርቨር አያስፈልጋቸውም፤ የስልክ ቁጥርም አይጠይቁም። ከአንደኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚላክ ሰነድ ከሕንፃው ሳይወጣ ይደርሳል። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ድረስ ግን ሊደርሱ አይችሉም፤ ተቀባዩም ኮምፒዩተሩን ከፍቶ መገኘት አለበት።

የ2015 ዓ.ም. ትምህርት

ይህ ንጽጽር የጨዋታ ነገር አለመሆኑን ያሳየው በክልሉ የታየው ሁኔታ ነው። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘግተው አምስት ወር ያህል ቈይተዋል። ማስታወሻውን ሁሉ በቴሌግራም ላይ ብቻ ያኖረ ተማሪ በሩ ተዘግቶበት የቀረው ያን ጊዜ ነው። በራሱ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ የገለበጠ ግን ትምህርቱን ቀጠለ።

በሐምሌ ወር መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሠራው ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቈየ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው መሥሪያ ቤት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዋጋው ከፍ ይላል። የፕሮግራሞቹም ልዩነት ያን ጊዜ ይገለጣል። ቴሌግራም ስልኩን ሳይጠብቅ ይሠራል፤ ዋትስአፕ ስልኩ በ14 ቀን ውስጥ በዋይፋይ እንኳ ካልተገናኘ ያቋርጣል፤ የሕንፃው ውስጥ ፕሮግራም ደግሞ ሁሉም ቢቋረጥ እንኳ አንዱን ክፍል ከሌላው ያገናኛል።

ይህ ዓይነቱ ነገር የመጀመሪያም አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በስልክ አጭር ጽሑፍ መላክ ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. ዋዜማ ድረስ መቈየቱን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ስለዚህ ጉዳዩን ሁሉ ባንድ መንገድ ላይ የጣለ ሰው፣ መንገዱ ሲዘጋ ከጉዳዩ ጋር ይቆማል።

ባለጉዳዩን የሚጐዳው

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። አንድ ባለጉዳይ ከሐይቁ ማዶ የይዞታ ማስረጃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ጉዳዩን ለያዘው ሠራተኛ በቴሌግራም ላከ እንበል። ሠራተኛው ተመለከተው፤ «ደርሶኛል» ብሎም መለሰ። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ማስረጃው በሠራተኛው የግል ስልክ ቁጥር በተከፈተ ፕሮግራም ውስጥ ስለነበረ አብሮት ሄደ። ባለጉዳዩ «ልኬአለሁ» ይላል፤ አዲሱ ሠራተኛ «በፋይሉ ውስጥ የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚመላለሰው ግን ባለጉዳዩ ነው፤ የጀልባውንም ዋጋ የሚከፍል እርሱ ነው።

እንግዲህ ፈጣን መልእክት ጉዳይን ለማፋጠን እንጂ መዝገብ ቤትን ለመተካት አልተሠራም። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም የሚያሻው ነገር በመልእክት ቢመጣ እንኳ በዚያው ዕለት ታትሞ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። ቴሌግራም በኮምፒዩተር ላይ የንግግርን ታሪክ በሙሉ አውጥቶ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ስላለው፣ ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ የጉዳዩን ጽሑፍ ለተተኪው ማስረከብ አያቅተውም።

በተግባር ሲታይ

ለተማሪ፤ ትላልቅ መጻሕፍትንና ማስታወሻዎችን ለመቀባበል ቴሌግራም ይበልጣል። ነገር ግን የተቀበሉትን በየሳምንቱ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይገባል።

በሐይቁ ዳር ስለ እምቦጭ አረም ወይም ስለ ውሃው መጠን ጥናት ለሚያደርግ ባለሙያ፤ ፎቶግራፍ እንደ ተራ ምስል ሲላክ በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ጥራቱ ይቀንሳል። ለማስረጃነት የሚፈለግ ፎቶግራፍ እንደ ፋይል ቢላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

የነዋሪዎችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የጤና ሁኔታ ለያዘ ሰነድ፤ ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ቡድን ቦታው አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ መጠበቅ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሕንፃው ውስጥ ፕሮግራም፣ ካልሆነም ከጫፍ እስከ ጫፍ በተቈለፈ መልእክት ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይላክ።

በጋራ ኮምፒዩተር ለሚሠራ ሁሉ፤ ሲነሡ ፕሮግራሙን ከመዝጋት አልፎ ከሒሳቡ መውጣት ያስፈልጋል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» በሚለው ዝርዝር ሒሳባችን የተከፈተባቸው ኮምፒዩተሮች ስለሚታዩ፣ የማናውቀውን ከዚያ ማስወጣት ይቻላል። ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማኖርም፣ ወደ ስልካችን የተላከልንን የመክፈቻ ቁጥር ማንም ቢጠይቅ አለመስጠትም ሊዘነጋ አይገባም።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል መሆኑ የታወቀ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለታንኳው ከጥቂት ወራት በኋላ አሮጌውን ጥሎ ሌላ ይሠራል። ጭነቱን ግን አስቀድሞ ከወደቡ ያራግፋል እንጂ ከታንኳው ጋር አይጥለውም። የመልእክት ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ዛሬ የምንወደው ነገ ያረጃል፤ ሌላም ይተካዋል። ከእኛ የሚፈለገው ያመጣልንን ጭነት በጊዜው ማራገፍ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ የባለጉዳዩን ማስረጃ በፋይሉ፣ ተማሪውም ማስታወሻውን በዲስኩ ካኖረ፣ የትኛውም ፕሮግራም ቢዘጋ የሚቋረጥ ሥራ አይኖርም።