በጓሮ ኩሬ አጠገብ የእህል ማከማቻ አሠራር
በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ ለሚገኙ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በሰሜን ወሎ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። ሆኖም በልጉ አንዱን ዓመት መጥቶ ሌላውን ይቀራል፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ይህን ችግር ለማቃለል በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ ክልሎች የቤተሰብ ኩሬዎች በብዛት ተቆፍረዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በስርገት፣ በደለልና በፕላስቲክ መቀደድ ምክንያት ከአገልግሎት ወጥተዋል። በጥንቃቄ የተያዘ ኩሬ ግን ሽንኩርትና ቃሪያን ለማጠጣት፣ የማንጎና የፓፓያ ችግኝንም ከደረቁ ወራት ለማሻገር ይረዳል።

ኩሬ ያለው ቤተሰብ ብዙ ሳይቆይ ማከማቻ ያስፈልገዋል። የእግር ፓምፑና ጎማው ማደሪያ ይፈልጋሉ፤ የተገኘው ምርትና የዘር እህልም እንዲሁ። ጓሮው ጠባብ በመሆኑ ማከማቻው አብዛኛውን ጊዜ ከኩሬው አጠገብ ይሠራል። ጀማሪ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ውኃ ያለበትንና እህል ያለበትን ቦታ ሳያገናዝብ ይሠራና በክረምት እህሉ ሻግቶ ያገኘዋል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ያለፉ የወሎ ሽማግሌዎች እንደሚያውቁት፣ ዝናብ ቢመጣም ዘር የሌለው ቤት አይዘራም። በማከማቻ ውስጥ የሻገተ አንድ ኩንታል የዘር ማሽላ የአንድ ዓመት ጉዳት ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራም ይዞ የሚሄድ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናስተላልፈው ዋና ምክር የሚከተለው ነው፦ የማከማቻው ጣራ ለኩሬው ውኃ ይስጥ፤ ኩሬው ግን ለማከማቻው እርጥበት እንዳይሰጥ ተደርጎ ይሠራ።

2. እርጥበት እህልን የሚያበላሸው እንዴት ነው?

እህል ከተወቃ በኋላም እርጥበትን ከአካባቢው አየር ይወስዳል፣ ለአየሩም ይሰጣል። በደንብ የደረቀ ማሽላ ወይም በቆሎ ከመቶ 12 እስከ 13 እጅ ያህል ውኃ ይይዛል። በእህሉ መካከል ያለው አየር እርጥበቱ ከመቶ 70 እጅ ሲያልፍ ሻጋታ መራባት ይጀምራል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ይህም ጉበትን ስለሚጎዳ የሻገተ እህል ለሰውም ሆነ ለከብት መሰጠት የለበትም።

ነቀዝም ቢሆን እርጥብና ሞቃት እህልን ይወዳል። በመርሳና በግራና በኩል ባለው ሞቃታማ ቆላ አንድ የነቀዝ ትውልድ ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አድጎ ሌላ ይወልዳል። በወልድያ ዙሪያ ባሉት ቀዝቃዛ ከፍታዎች ግን እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ቆላ ያለ አርሶ አደር ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ከኩሬው ፊት ላይ የሚተነው ውኃ አየር በደንብ የሚዘዋወርበትን ማከማቻ ያን ያህል አይጎዳም። ዋናው ጠላት በአፈር ውስጥ ሰርጎ ወደ ምሰሶውና ወደ ወለሉ የሚወጣው እርጥበት፣ እንዲሁም በዝናብ ጊዜ ከመሬት የሚረጨው ውኃ ነው።

3. የቦታ ምርጫ

ቦታ የሚመረጠው በበጋ ሳይሆን ኩሬው ሞልቶ ባለበት በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በበጋ ማንኛውም ቦታ ደረቅ ስለሚመስል ያታልላል። ምርጫው እንደሚከተለው ይከናወናል።

ሀ. ማከማቻው ከኩሬው በላይ፣ ማለትም በዳገቱ በኩል ይሁን። የሚሰርገው ውኃ በአብዛኛው ወደ ታች ስለሚሄድ ከበላይ ያለው ቦታ ይደርቃል፤ የጣራው ውኃም ያለ ችግር ወደ ኩሬው ይወርዳል።

ለ. ከኩሬው አፍ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። መረሬ አፈር በሆነበት ቦታ ግን 10 ሜትር እንዲሆን እንመክራለን። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚህም የተነሣ ምሰሶ ያዘማል፣ የኩሬውንም ግድግዳ ይንዳል።

ሐ. በተመረጠው ቦታ ላይ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የመፈተሻ ጉድጓድ ይቆፈር። አፉን በቆርቆሮ ወይም በሣንቃ ከድኖ ማሳደር ነው። ጠዋት ሲከፈት ከሥሩ ውኃ ካቆረ ወይም አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ጭቃ ከሆነ ቦታው ይቀየር። ይህ ፈተና አንድ ቀን ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን ከብዙ ኪሣራ ያድናል።

መ. የኩሬው ትርፍ ውኃ መውጫ ቦይ ወደ ማከማቻው አቅጣጫ አይሁን።

ሠ. በወሎ ማሽላን በጉድጓድ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ አዲስ ኩሬ የሚቆፈር ከሆነ በአቅራቢያው እህል የያዘ ጉድጓድ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኩሬው ስርገት ወደ እህል ጉድጓድ ከገባ ጉዳቱ የሚታወቀው ጉድጓዱ ሲከፈት ብቻ ነው።

4. መጠን

ጀማሪ ሰው ትልቅ ማከማቻ ባይሠራ ይመረጣል። ስፋቱ 2 ሜትር ከ50፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ይህም በሁለት ይከፈላል። ትልቁ ክፍል 2.5 በ2.5 ሜትር ሆኖ ለእህል፣ ትንሹ 2.5 በ1.5 ሜትር ሆኖ ለፓምፕ፣ ለጎማና ለእርሻ መሣሪያ ይውላል። ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው በር ይኑራቸው። ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ተትቶ ጆንያ ሲደረደር የእህሉ ክፍል 15 ኩንታል ገደማ ይይዛል።

5. አሠራር

ምሰሶ፦ በሦስት ረድፍ አራት አራት ሆነው 12 የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ይተከላሉ። የዳር ዳሮቹ ስምንት ምሰሶዎች እስከ ጣራው ይደርሳሉ፤ የመካከሎቹ አራቱ ወለሉን ብቻ ይሸከማሉ። ጥድና ወይራ ምስጥን የሚቋቋሙ ቢሆኑም ለዚህ ሥራ የአገር ዛፍ መቁረጥ አይገባም።

ጉድጓዶቹ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑራቸው። ከሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ዙሪያው በደቃቅ ድንጋይ ይጠቀጠቃል። የምሰሶው እግር ከመቀበሩ በፊት ከመሬት በላይ እስከሚታየው 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ላዩ በእሳት ይለብለብ። በብዙ ቦታ ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ይህ ግን በኩሬ አጠገብ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ዘይቱ በዝናብ ታጥቦ ኩሬው ውስጥ ይገባልና።

ወለል፦ ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል። በዚህ ከፍታ የመሬት እርጥበትና የሚረጭ ውኃ አይደርስበትም፣ ከሥሩም አየር ይዘዋወራል። በምሰሶዎቹ ላይ ወፍራም አግዳሚ ይጋደማል፤ በእርሱም ላይ ቀጥ ቀጥ ያለ አጠና ተጠጋግቶ ይመታል። ከወለሉ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ማገዶ ወይም ገለባ አይከመር፤ ለአይጥ መሰላል፣ ለምስጥ መንገድ ይሆናል።

የአይጥ መከላከያ፦ ከወለሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ክዳን ይታሰር። ዳሩ ከምሰሶው 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። መሰላሉ የሚነሣ ይሁንና ማታ ማታ ይነሣ። የዛፍ ቅርንጫፍም ከጣራው ሁለት ሜትር ይራቅ። ከ12ቱ ምሰሶዎች አንዱ እንኳ ያለ ክዳን ከቀረ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ነው።

ግድግዳ፦ በማገርና በልምጭ ተሠርቶ ከውስጥ በኩል የጤፍ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረግ፤ በላዩም በእበት ይለሰን። የሚሰነጠቀውን ቦታ በየጊዜው መድፈን ያስፈልጋል፤ ነቀዝ የሚያሳልፈው በስንጥቅ ውስጥ ነው። ከግድግዳው ጫፍና ከጣራው መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ጣራ፦ ጣራው ወደ ኩሬው ብቻ ያዘነበለ ይሁን። ከወለሉ ሲለካ የኩሬው በኩል ግድግዳ 1 ሜትር ከ80፣ የበላዩ 2 ሜትር ከ30 ይሆናል። በአራቱም ጎን ክፈፉ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ከሆነ ሁለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነባብረው ቁልቁለቱን ይሸፍናሉ። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ ከሥሩ ጠብታ ስለሚያወጣ ከቆርቆሮው በታች የሰሌን ወይም የሸምበቆ ኮርኒስ መዘርጋት ይገባል።

6. ጣራው ለኩሬው የሚሰጠው ውኃ

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከላይ የተገለጸው ጣራ 19 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በአንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 570 ሊትር ይሆናል፤ ከዚህ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ ከ450 ሊትር በላይ ኩሬው ውስጥ ይገባል። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢገኝ 12 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይሰበሰባል። ይህም 60 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ኩሬ አንድ አምስተኛው ነው። ከሁሉ በላይ ይህ ውኃ ደለል የለውም፤ ከማሳ የሚመጣ ጎርፍ ግን ኩሬውን በደለል ይሞላል።

አሸንዳው ከቆርቆሮ ተጣጥፎ ይሠራል፤ ለአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ ፕላስቲኩን እንዳይበሳ ውኃው በኩሬው አፍ ላይ በተነጠፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይውረድ። አሸንዳው ሲያፈስ ወዲያው ይጠገን፤ አለበለዚያ ለኩሬ የታሰበው ውኃ የማከማቻውን እግር ያርሳል። ይህ ውኃ ለመስኖ እንጂ ለመጠጥ አለመሆኑንም ለቤተሰቡ ማስረዳት ያስፈልጋል።

7. እህል ከመግባቱ በፊት

ጥሩ ማከማቻ እርጥብ እህልን አያደርቅም። ማሽላና በቆሎ ወደ ጆንያ ከመግባታቸው በፊት በጨው መፈተን ይቻላል። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶው ያህል እህል ይደረግበታል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ተጨምሮ ለአንድ ደቂቃ ይናጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ከታየ እህሉ ከመቶ 15 እጅ በላይ ውኃ ስላለው በሸራ ላይ ተሰጥቶ እንደገና ፀሐይ ይመታው። ጨው ካልተለጠፈም አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማድረቅ አይጎዳም።

ለዘርና ለሽምብራ ሦስት ንብርብር ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት እንመክራለን። አፉ በደንብ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልግም። ነገር ግን እርጥብ እህል ከገባበት ይሻግታል፤ አይጥ ከበሳውም ተራ ጆንያ ይሆናል።

8. አብረው መቀመጥ የሌለባቸው

ሽንኩርት ራሱ እርጥበት ስለሚያወጣ ከእህል ጋር አይቀመጥ። ማዳበሪያ እርጥበት ስለሚስብ በመሣሪያው ክፍል በርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ከፈሰሰም ወደ ኩሬው ከመታጠቡ በፊት ይጠረግ። ፀረ-ተባይ መድኃኒት በዚህ ማከማቻ ውስጥ ከቶ አይግባ። ከእህሉም ከውኃውም ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። የመርጫ መሣሪያም በኩሬው አጠገብ አይታጠብ።

ማከማቻ በተሠራ ቁጥር በኩሬው ዙሪያ የሰው መመላለስ ይበዛል። ስለዚህ ማከማቻው ከመጠናቀቁ በፊት ኩሬው ይታጠር፤ በሩም የሚዘጋ ይሁን። በአገራችን ባልታጠሩ ኩሬዎች ሕፃናትና ከብቶች ሰጥመዋል። በመርሳና በግራና በኩል የወባ ትንኝ እንዳይራባም በኩሬው ዳር ያለውን ሣር ማጨድና የአሸንዳውን ውኃ እንዳያቁር ማድረግ ይገባል።

9. የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ድርሻ

የልማት ሠራተኛው አርሶ አደሩን ሦስት ጊዜ እንዲጎበኝ እንጠይቃለን። መጀመሪያ በመስከረም መጨረሻ የመፈተሻው ጉድጓድ ሲከፈት፤ ሁለተኛ በኅዳር ምሰሶው ሲቆምና የአይጥ መከላከያው ሲታሰር፤ ሦስተኛ በየካቲት የበልግ ዝናብ እንደጀመረ አሸንዳውን፣ ወለሉንና ጆንያውን ለማየት። በሦስተኛው ጉብኝት እጅን ወደ ጆንያው ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ እህሉ ሞቅ ካለ ሳይውል ሳያድር ወጥቶ ይሰጣ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የወንፊት ሽቦና አየር የማያስገባ ከረጢት በአንድነት ቢገዙ ለአባላቱ ይቀልላል። በየቀበሌው መጀመሪያ አንድ ማከማቻ በፈቃደኛ አባል ጓሮ ተሠርቶ አንድ በልግና አንድ ክረምት ቢታይ መልካም ነው። ጎረቤቱ ከመመሪያ ይልቅ በሐምሌ የተከፈተን ደረቅ ጆንያ ያምናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የሁለት ቀን ቁፋሮና የአንድ ምሽት ፈተና የዓመቱን ዘር ያተርፋል። በአካባቢው ያልተለመደ ችግር ቢያጋጥም የልማት ሠራተኛው የታየውን በጽሑፍ ይዞ፣ ከተበላሸውም እህል ጥቂት ናሙና ጨምሮ፣ ወልድያንና መርሳን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ወደሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቢያቀርብ ለመፍትሔው ይረዳል።