የመኪና ኤሲ ለምን ሞቃት አየር ይነፋል?

በኒውላንድ የምትገኙ ሹፌሮች፣ የዛሬው ትምህርት ለእናንተ ነው።

ጋምቤላ ቆላ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ይበረታል። ታዲያ ኤሲው ሞቃት አየር ቢነፋ ምን እናድርግ?

«ጋዙ አልቋል፣ ሙላልኝ» ብለን አንሩጥ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ቢሞላ፣ ገንዘባችን ተመልሶ ይተናል።

መጀመሪያ እንመልከት። ኤሲው መኪናው ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል? እንግዲያው ቬንትሌተሩ አይዞር ይሆናል። ወይም ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር በአቧራና በሣር ተደፍኗል። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለው እሱ ነው። ሞተሩን አጥፉ። ሲበርድ ኮንደንሰሩን በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ኃይለኛ ውሃ ስስ ክንፎቹን ያጣምማል።

ቀጥሎ ቺንጋውን እዩ። ላልቶ ወይም ተበጥሶ ይሆናል። በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ዘይት ካያችሁ፣ ጋዙ የሚሾልከው በዚያ ሊሆን ይችላል።

ቱቦውን ግን ራሳችሁ አትፍቱ! የሚወጣው ጋዝ በብርዱ ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያውንም «መጀመሪያ የሚሾልክበትን አሳየኝ» በሉት።

ይህን ጽሑፍ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።