ከገለምሶ እስከ ፌዴራል ችሎት

አንድ የገለምሶ ጫት ነጋዴ አዲስ አበባ ያለ ተረካቢው ገንዘቡን ቢያስቀርበትና ክስ ልመሥርት ቢል፣ ጉዳዩ በባሕርዩ የፌዴራል ነው። የተከራካሪዎቹ ቋሚ መኖሪያ አንዱ ክልል ውስጥ አይደለምና። በጭሮ በኩል በሚያልፈው የሐረር መንገድ ላይ ኮንትሮባንድ ተይዞበት የሚከሰስ ሾፌርም እንዲሁ የፌዴራል ተከሳሽ ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያስችለው ግን አዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ነው። ታዲያ ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው የፌዴራሉ ዳኛ ማን ነው?

መልሱ ያለው በዞኑ ዋና ከተማ በጭሮ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥተዋል። ስለዚህ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጠዋት የኦሮሚያን ጉዳይ፣ ከሰዓት የፌዴራሉን ጉዳይ ሊያይ ይችላል። በፌዴራሉ መዝገብ ላይ የሚቀርበው ይግባኝ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ወደዚህ ወንበር የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። ዳኛ መሆን የተመኘ የገለምሶ ልጅ ሐሮማያም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ያጠናል፣ የመውጫ ፈተናውን ያልፋል። ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሚገባ ከሆነ የቅድመ ሥራ ሥልጠና ይጠብቀዋል። ከዚያ የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርበዋል፣ ጨፌ ኦሮሚያ ይሾመዋል። የመጀመሪያ ወንበሩ እንደ ሀብሮ ባለ ወረዳ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የወረዳው ዋና ከተማ ገለምሶ ናት።

የወረዳ ችሎት እውነተኛ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። የድንበር ግጭት፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የብድር ክርክር፣ የስድብና የድብደባ ክስ በአንድ ቀን ይመጣል። አብዛኛው ተከራካሪ ጠበቃ የለውም፤ የሚጠይቀውን ዳኝነት ለይቶ እንዲናገር የሚረዳውም ራሱ ዳኛው ነው። ችሎቱ የሚመራው፣ ፍርዱም የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ዳኛው የሚያገላብጣቸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የነጋሪት ጋዜጣ አዋጆች ግን በአማርኛ የታተሙ ናቸው፤ በፌዴራል አዋጅ ላይ ልዩነት ቢነሳ የመጨረሻው የሕግ ገዥነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ያንን ደረቅ የሕግ ቋንቋ በየቀኑ ለሁለት ገበሬዎች በሚገባ አነጋገር ማስረዳት ከፍተኛ ሙያ ነው። እንዲህ የሠለጠነ ሰው የትኛውም ከተማ ቢሄድ አይቸገርም።

ሌላው መንገድ በቀጥታ ወደ ፌዴራሉ ይወስዳል። ረዳት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ሆኖ የቆየ ሰው ማስታወቂያ ሲወጣ ይወዳደራል። የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩዎችን ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብቻውን ያስችላል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚጀመረው በዚህ ደረጃ ነው፤ በ1988ቱ አዋጅ ጣሪያው 500,000 ብር ነበር።

ጭሮ ከሕግ ጋር ያላት ዝምድና የቆየ ነው። አሰበ ተፈሪ ተብላ የተመሠረተችው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ጨርጨርን ያስተዳደሩት እኚሁ ሰው ናቸው የ1923ቱን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። በዚያ ሕገ መንግሥት ዳኛ የሚፈርደው በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም። ከጡረታ መውጫው ዕድሜ በፊት ሊነሳ የሚችለውም በዲስፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ በሆነ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ብቻ ነው። ያንንም አስተዳደር ጉባኤው ወስኖ ምክር ቤቱ ማጽደቅ አለበት።

ይህ ጥበቃ ለምን እንደሚያስፈልግ የዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ታሪክ ያሳያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲያስችሉ፣ በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ ፓርላማውም በሙስና ለተጠረጠሩ ሰዎች ዋስትናን የሚከለክል ማሻሻያ አወጣ። ትእዛዙ ሕግ አስቀየረ እንጂ ሰው አላስፈታም። ያም ሆኖ ያንን ውሳኔ ዛሬም ድረስ የሚያነሱት የሕግ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም በአገራችን የዳኝነት ታሪክ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ።

የጭሮው ዳኛ ይህንኑ ሸክም የሚሸከመው በክልል ሹመትና በክልል ደመወዝ ነው። ሕገ መንግሥቱ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ አንቀጽ 79 የፌዴራልን ሥልጣን ደርበው ለሚሠሩ የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ማካካሻ እንዲሰጥ ያዛል። ክፍያው በወጉ መድረሱን የክልሉ ፍርድ ቤቶች ሊከታተሉት፣ ምክር ቤቱም ሊጠየቅበት ይገባል፤ በውክልና የተሠራው ሥራ የፌዴራሉ ሥራ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች ሲቋቋም ኦሮሚያ አልተካተተችም። ስለዚህ የገለምሶው ነጋዴና የኮንትሮባንዱ ሾፌር የፌዴራል መዝገብ እዚያው ዞኑ ውስጥ የሚከፈተው አሁንም በጭሮው ፍርድ ቤት ነው።