ለአስቲግማቲዝም የሚታዘዝ ሌንስ፦ የመነጽር ቁጥር ብቻ አይበቃም

በመነጽር ምትክ ኮንታክት ሌንስ ለማድረግ የሚሹ ብዙዎች የመነጽር ማዘዣቸውን ይዘው ወደ መነጽር ቤት ያመራሉ። አስቲግማቲዝም ላለበት ሰው ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር የጉዳዩ ግማሽ ነው።

አስቲግማቲዝም በአብዛኛው የሚከሰተው ኮርኒያ የተባለው የዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን እንደ ኳስ እኩል ከመጉበጥ ይልቅ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ሲጎብጥ ነው። ብርሃን በአንድ ነጥብ ስለማይሰበሰብ ቅርቡም ሩቁም ይደበዝዛል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤይሪ እ.ኤ.አ. በ1825 የራሱን ዓይን ጉድለት በሲሊንደር ቅርጽ ሌንስ እንዳረመ ገልጿል። መርሑ ዛሬም ያው ነው፤ የማረሚያው ኃይል በትክክለኛው አቅጣጫ ማረፍ አለበት።

የመነጽር ሌንስ በፍሬሙ ስለሚያዝ አይዞርም። ለአስቲግማቲዝም የሚሠራው ቶሪክ ሌንስ ግን በእንባ ላይ ስለሚንሳፈፍ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሊዞር ይችላል። ይህን ለመከላከል አምራቾች የሌንሱን ታችኛ ክፍል ያወፍራሉ፤ አልያም ላይና ታቹን ያሳሳሉ። ሌንሱ 10 ዲግሪ ቢዞር ከእርማቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይጠፋል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ አስቲግማቲዝሙ ያልታረመ ያህል ይሆናል።

ስለዚህ ባለሙያው የኮርኒያውን ጉብጠት ከለካ በኋላ የሙከራ ሌንስ ያስገባል፤ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆም በሌንሱ ላይ ያለውን ምልክት በማጉሊያ መሣሪያ ይመለከታል። ምልክቱ ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ከተዛነፈ ማዘዣውን በዚያው ልክ ያስተካክላል። ከቦታ ቦታ የሚዋልል ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ሌንስ ይመረጣል። ለስላሳው ካልተስማማ አየር የሚያስተላልፈው ጠንካራ ሌንስ አማራጭ ነው። የመነጽሩ ኃይል ከ4 ሲበልጥም ኮንታክት ሌንስ በዓይን ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ቁጥሩ እንደገና ይሰላል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች አቧራና አየር ማቀዝቀዣ ዓይንን ስለሚያደርቁ በምርመራው ወቅት የሥራ ቦታን ሁኔታ ለባለሙያው መንገር ይጠቅማል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ኮርኒያን ክፉኛ የሚጎዳ አካንታሚባ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ስለሆነም ሌንስ ያደረገ ሰው ለውዱእ ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ይጨፍን፤ ሌንሱንም በታጠበና በደረቀ እጅ ብቻ ይንካ፤ በውኃ ፈጽሞ አይጠበው። ዓይን ከቀላ ወይም ካመመ ሌንሱን ወዲያው አውጥቶ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።