የማህፀን ሽፋን ካንሰር፦ ክፋቱና ቀላልነቱ በምን ይለያል?

«የማህፀን ካንሰር» ሲባል ብዙዎች የማህፀን በር ካንሰርን ብቻ ያስባሉ። የማህፀን በር ካንሰር በአብዛኛው በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በማህፀን የውስጥ ሽፋን፣ ማለትም በኢንዶሜትሪየም ላይ የሚነሣው ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮጄስትሮን ሳያመጣጥነው ለረጅም ዘመን ከቆየ የኢስትሮጅን ሆርሞን ተጽዕኖ ጋር የተያያዘና ይበልጡን ባረጡ ሴቶች ላይ የሚታይ ሌላ በሽታ ነው።

ካንሰር ከተባለ አበቃለት የሚለው እምነት በዚህ በሽታ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። በአሜሪካ የተመዘገቡ መረጃዎች እንደሚያሳዩት፣ ከማህፀን ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ10 ታካሚዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ወደ 2 ገደማ ይወርዳል።

የዕጢው ትልቀት ሁሉን ይወስናል የሚለውም ግምት ግማሽ እውነት ነው። መጠኑ የሚናገረው ነገር ቢኖርም፣ ሐኪሞች አብልጠው የሚመረምሩት ካንሰሩ ከማህፀኑ ጡንቻ ግማሹን አልፎ መግባቱን፣ ወደ ማህፀን በር ወይም ወደ ሊምፍ ዕጢዎች መድረሱን፣ በጥቃቅን የደምና የሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥም መታየቱን ነው። ሴረስ የተባለው የሕዋስ ዓይነት ደግሞ የማህፀኑን ጡንቻ ገና ሳይነካ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊሰራጭ ስለሚችል፣ ትንሽነቱ ዋስትና አይሆንም።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጤናማው ሕዋስ እጅግ የራቀ፣ ማለትም ግሬዱ ከፍ ያለ ዕጢ ሁሉ ክፉ ነው የሚለው እምነት ደግሞ የባለሙያዎቹም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የካንሰር ጂኖም አትላስ ጥናት በሽታውን በአራት የሞለኪውል ምድቦች ከፍሎ ይህን አናግቶታል፤ ዲኤንኤ ሲቀዳ የሚፈጠረውን ስሕተት በሚያርመው ፖል-ኢ በተባለው ዘረመል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ዕጢዎች፣ መልካቸው የሚያስፈራ ቢሆንም፣ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ሲያሳዩ፣ ፒ53 የተባለው የተዛባባቸው ግን የከፋውን አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽንም በ2023 ባሻሻለው የደረጃ አመዳደብ ይህን ግኝት አካትቶታል።

ከሁሉ ይልቅ ሕይወት የሚያስከፍለው «ካንሰር ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚለው ወሬ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተዛምቶ የሚገኘው በሽታ በአብዛኛው አስቀድሞ የተሰራጨ ነው፤ ዋናው ሕክምናም ማህፀንን ማውጣት ሲሆን፣ የበሽታው ደረጃ በትክክል የሚታወቀው የወጣው አካል ሲመረመር ነው። ስለዚህ ካረጠች በኋላ የዚህ በሽታ ምልክት ሊሆን የሚችል ጠብታ ደም እንኳ ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ።