ፍንጭ ወይስ ዕድል? ለከተማ አፈ ታሪክ ምርመራ የሚስማማውን የሚና ጨዋታ መምረጥ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ቦታውንና ሁኔታውን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ከደንቡ መጽሐፍ፣ ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከዳይስ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ በከተማ አፈ ታሪክ ላይ ለተመሠረተ አስፈሪ ምርመራ የትኛው ጨዋታ እንደሚስማማ እንመለከታለን።

የከተማ አፈ ታሪክ ምንድን ነው?

አሜሪካዊው የፎክሎር ተመራማሪ ጃን ሃሮልድ ብሩንቫንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መኪና አስቁማ ከተሳፈረች በኋላ ሳትወርድ ስለምትሰወር መንገደኛ የሚነገረውንና መሰል ታሪኮችን መርምሯል። ታሪኮቹ የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አላቸው። ተራኪው ነገሩን ራሱ አላየውም፤ የሰማው ከጓደኛው ጓደኛ ነው። ቦታው ግን ሁሉም የሚያውቀው መንገድ ወይም ሰፈር ነው። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ የመርማሪዎቹ ዋና ሥራ ጭራቁን መግደል ሳይሆን ወሬውን እስከ ምንጩ መከተል ነው። በመሆኑም ጨዋታ ስንመርጥ ልንጠይቀው የሚገባን የመጀመሪያ ጥያቄ «ደንቡ ፍንጭን እንዴት ያስተናግዳል?» የሚል ነው።

የሰንሰለቱ ስሌት

ሳንዲ ፒተርሰን ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «ኮል ኦፍ ክቱሉ» የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ነው። በዚህ ጨዋታ ችሎታ በመቶኛ ይገለጻል። ችሎታው 60 የሆነ መርማሪ ከ1 እስከ 100 በሚያወጣው ዳይስ 60 ወይም ከዚያ በታች ካገኘ ተሳካለት ማለት ነው። 60 በመቶ መልካም ዕድል ይመስላል። ይሁን እንጂ ምስጢሩ ላይ ለመድረስ ሦስት ፍንጮች በተከታታይ የሚያስፈልጉ ከሆነ፣ ሦስቱም የመገኘታቸው ዕድል 0.6 × 0.6 × 0.6 = 0.216፣ ማለትም 22 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። መሪው ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ሳይሆን ሦስት ፍንጮች ያዘጋጅ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ ይበቃል። ሦስቱም የመታጣታቸው ዕድል 0.4 × 0.4 × 0.4 = 0.064 ስለሆነ፣ እርምጃው የመሳካት ዕድሉ 0.936 ይሆናል። የሦስቱ እርምጃዎች አጠቃላይ ዕድል ደግሞ ወደ 82 በመቶ ከፍ ይላል። ዳይሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የታሪኩ አወቃቀር ነው።

ሦስት ሌሎች መንገዶች

ሮቢን ሎስ የቀረጸው «ገምሹ» የተባለው የደንብ ሥርዓት ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ተገቢው ችሎታ ያለው መርማሪ ፍንጩ ባለበት ቦታ ከፈለገ ያለ ዳይስ ያገኘዋል። ፈተናው ፍንጩን ማግኘት ሳይሆን ትርጉሙን መረዳት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝኛ የታተመው የስዊድኑ «ቬሰን» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስካንዲኔቪያ የሚካሄድ ሲሆን መርማሪዎቹ የሚነሡት ከኡፕሳላ ከተማ ነው። ባለስድስት ገጽ ዳይሶች ይጣላሉ፤ ቢያንስ አንድ 6 ከወጣ ተሳካ። በአራት ዳይስ ዕድሉ 52 በመቶ ያህል ነው። የጨዋታው ትልቁ ጥንካሬ ፍጡራኑ በአብዛኛው በጦር መሣሪያ አለመሸነፋቸው ነው። መርማሪዎቹ በአካባቢው የሚነገረውን ሰምተው ፍጡሩ ለምን እንደተቆጣና በምን ሥርዓት እንደሚመለስ ማወቅ አለባቸው።

በጄሰን ኮርዶቫ «ብሪንድልዉድ ቤይ» ደግሞ መልሱ አስቀድሞ አልተወሰነም። ተጫዋቾቹ ፍንጮቹን አያይዘው መላ ምት ያቀርባሉ። በሁለት ዳይሶች ድምር ላይ የተጠቀሙባቸው ፍንጮች ብዛት ተደምሮ የምስጢሩ የውስብስብነት ቁጥር ይቀነሳል። ውጤቱ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መላ ምታቸው እውነት ሆኖ ይጸድቃል። ውስብስብነቱ 6 ለሆነ ምስጢር 8 ፍንጮች ያሰባሰበ ቡድን ዕድሉ 30/36፣ ማለትም 83 በመቶ ነው።

የቱን እንምረጥ?

የመጨረሻው መንገድ ለቀልጣፋ ጨዋታ ግሩም ቢሆንም ለከተማ አፈ ታሪክ ግን አንድ አደጋ አለው። ወሬ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሰው ላይ ነው። በአገራችን «ቡዳ» የሚለው ስም በአንጥረኞችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ተለጥፎ ከባድ መገለል አስከትሏል። እንዲህ ያለው እምነት የጨዋታ መነሻ ሲሆን፣ የተጠርጣሪው ጥፋተኝነት በዳይስ የሚጸድቅ ከሆነ ጨዋታው ወሬውን መርምሮ ሳይሆን አጽንቶ ይወጣል።

በእኛ አስተያየት፣ ወሬን እስከ ምንጩ ለመከተል ለሚፈልግ ቡድን «ገምሹ» ተመራጭ ነው፤ እውነቱ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ሐሜቱ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፍጡራኑን ጠባይና ሥርዓት ማጥናት የሚያስደስተው ቡድን «ቬሰን»ን ይምረጥ። እያወቁ በሄዱ ቁጥር አእምሮ የሚናወጥበትን ፍርሃት የሚሻ ደግሞ «ኮል ኦፍ ክቱሉ»ን ይያዝ፤ ነገር ግን ለአንድ እርምጃ ሦስት ፍንጮች ማዘጋጀቱን አይርሳ።