ያለ መጥረቢያ የጠፉት ሰባት ጥዶች

ባለፈው እሑድ ከሁለት ጓደኞቻችን ጋራ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥተን ነበር። የወጣነው እንደ ብዙው ሰው ንጹሕ አየር ለመቀበል ነው። አብራን የነበረችው የአራተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ግን ከበሩ ጀምሮ ፊቷ አልፈካም። ነገሩ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቃት፣ «በጃቫ የጻፍሁት ፕሮግራም 200,000 ማለት ሲገባው ትናንት ማታ 187,412 አለኝ፤ ዛሬ ጧት እንደ ገና ባስነሣው ደግሞ ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። አንዲት ፊደል እንኳ አልነካሁም። ያበድሁት እኔ ነኝ ወይስ ማሽኑ?» አለችን።

ሁለተኛው ጓደኛችን ፕሮግራም በመጻፍ የሚተዳደር ነውና ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን።

የተማሪዋ ፕሮግራም ሥራው ቀላል ነበር። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቁጥር ላይ እየተፈራረቁ አንድ አንድ ይጨምራሉ፤ እያንዳንዱም መቶ ሺህ ጊዜ። በኮምፒዩተር ቋንቋ የዚህ ዐይነቱ ሠራተኛ «ትሬድ» ይባላል፤ ክር ማለት ነው። በዚሁ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን ሲያመላልስ ይውላልና ስሙ ለሰፈሩ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሸማኔው ክር ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይመራል። የኮምፒዩተሩን ክር መቼ እንደሚሮጥና መቼ እንደሚቆም የሚያዝዘው ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሳይሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ሥራውንም ሳይጨርስ በመካከል አቁሞ ሌላውን ሊያስቀድም ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ ሳያብር የቀረ እንደ ሆነ ግን የሚያስረው ባለቤቱን ነው።

በቃል ከመናገር በዓይን ማሳየት ይሻላል ብለን ጥዶቹን ለመቁጠር ተነሣን። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ቦታ ስለ ሆነ፣ ሁሉን እንቁጠር ብንል ዕድሜያችን አይበቃም። ስለዚህ በአንዲት ቀጭን መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ብቻ መረጥን። ደብተሩን ከድንጋይ ላይ አኖርነው። ሕጉም እንዲህ ነበር፤ ጓደኞቻችን በየተራቸው እየመጡ በደብተሩ ላይ ያለውን ድምር ያያሉ፤ ሄደው ጥቂት ጥዶች ይቆጥራሉ፤ ተመልሰውም የቆጠሩትን ባዩት ድምር ላይ ጨምረው የቀድሞውን በመሰረዝ አዲሱን ይጽፋሉ።

ደብተሩ 40 ይል ነበር። ጓደኛችን 40 አይቶ ሄደ። እርሱ ሳይመለስ ተማሪዋ መጥታ እርስዋም 40 አይታ ሄደች። እርሱ ሰባት ቆጥሮ ተመለሰና 47 ብሎ ጻፈ። እርስዋ አምስት ቆጥራ መጣችና፣ ቀድሞ ባየችው 40 ላይ አምስት ጨምራ፣ በሕጉ መሠረት ያለውን ሰርዛ 45 ብላ ጻፈች። ሰባት ጥድ መጥረቢያ ሳይነካው ጠፋ! ልብ በሉ፤ ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፤ አንዱም መደመር አልተሳሳተም። ለእኛ «አንድ ጨምር» ማለት አንድ ትእዛዝ ይመስለናል፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ነው፤ አንብብ፣ ደምር፣ መልሰህ ጻፍ። ሌላው ክር በእነዚህ መካከል የገባ እንደ ሆነ የአንዱ ድካም ይጠፋል።

አሁን ያልሳቅንበትን ምክንያት እንናገር። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በመጀመሪያው ዓመት፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ለባለጉዳዮች የቀጠሮ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ጥፋቱ የእኛ ስለ ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ያነብባል፣ አንድ ይጨምራል፣ ከባለጉዳዩ ስም ጋራ ይመዘግባል። ቁጥር የሚሰጥባቸው መስኮቶች ሁለት ነበሩ። ሁለት ወር ያህል ያለ እንከን ሠራ፤ እኛም ተመሰገንን። ከዚያም አንድ ሰኞ ጧት ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ቁጥር ይዘው ቀረቡ። አንደኛዋ ከሩቅ ገጠር ተነሥተው ሁለት ቀን የተጓዙ እናት ነበሩ። ጸሐፊው መዝገቡን ቢመለከት በዚያ ቁጥር ላይ የሌላው ሰው ስም አለ፤ ስለዚህ «እማማ፣ እርስዎ አልተመዘገቡም» አላቸው። ወረቀቱን ዘርግተው «ይኸው እኮ ልጄ፣ ይኸው እኮ» እያሉ ቆሙ። በማግሥቱ እንዳይቆዩ የሚያድሩበት ዘመድ ስላልነበራቸው ተመልሰው ሄዱ።

እኛም ተጠርተን መጣንና በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ መቶ ጊዜ ሞከርነው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ምን እንደሚሠራ ለመከታተል በየደረጃው የሚያደርገውን ሁሉ እንዲጽፍልን ብናዝዘው ደግሞ ስሕተቱ ጨርሶ ተሰወረ፤ መጻፉ ራሱ የክሮቹን እርምጃ ስለሚለውጠው ሁለቱ አይገናኙም። የዚህ ችግር ክፉ ጠባይ ይኸው ነው፤ ሲፈልጉት ይደበቃል፣ ሲተዉት ይመጣል። ብዙ ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊዎች «በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል» ሲሉ እንሰማለን። በማሽንህ ላይ የሚሠራው አንተ ብቻህን ስለ ተቀመጥህበት ነው። በመጨረሻ ቁጥሩን ፕሮግራማችን ማስላቱን ትቶ ዳታቤዙ ራሱ ባንድ ጊዜ እንዲሰጥ፣ አንድ ቁጥርም ሁለት ጊዜ ቢመጣ እንዳይቀበል አደረግን። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። እኒያ እናት ግን ዳግመኛ መምጣት አለመምጣታቸውን አላወቅንም።

በውጭ አገር ከዚህ የከፋ ደርሷል። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ቴራክ 25 የተባለ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕመምተኞችን ከልክ ባለፈ ጨረር መታቸው፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ነው። የመሣሪያው ሠራተኛ በማያው ላይ የጻፈውን ትእዛዝ ፈጥኖ ሲያርም፣ ጎን ለጎን ይሠሩ ከነበሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ እርማቱን ሳያይ ያልፍ ነበር። ቀስ ብሎ በሚጽፍ ጀማሪ እጅ ይህ አይደርስም፤ የደረሰው ሥራውን በለመደው ፈጣን ሠራተኛ እጅ ነው። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ሲያጣም፣ በኦሃዮ የአንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም በዚሁ ዐይነት ግጭት ዝም ብሎ ስለ ነበር፣ ተቆጣጣሪዎቹ መስመሮቻቸው መውደቃቸውን በጊዜው አላወቁም።

በአገራችን ደግሞ መጋቢት 6 ሌሊት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን የማያስታውስ ተማሪ የለም። ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ አወጡ፤ ባንኩም ያለ አግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንና የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። ይህ የክር ግጭት ነበር ማለታችን አይደለም። የምናነሣው፣ «በቂ ገንዘብ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ክፈል» ከሚለው ትእዛዝ ሲለያይ ምን እንደሚመጣ ሁሉም በዓይኑ ስላየው ነው። ባልና ሚስት በአንድ ሒሳብ 1,000 ብር ቢኖራቸውና በሁለት ማሽን ባንድ ቅጽበት 800፣ 800 ቢጠይቁ፣ ሁለቱም ማሽኖች አስቀድመው ጠይቀው ኋላ ቢከፍሉ፣ ሁለቱም «አለ» የሚል መልስ ያገኛሉ።

ወደ ጥዶቻችን እንመለስ። ተማሪዋ፣ «እንግዲያስ እርሳሱን ቁልፍ እናድርገው፤ እርሳሱን ያልያዘ ደብተሩን አይይ» አለች። ይህ የቁልፍ ነገር ብዙ የተመከረበት ነው፤ የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ ብዙ ሠራተኞች አንድን ነገር እንዴት በየተራ እንደሚነኩ መፍትሔውን ያሳተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር። አሁን ጥድ አልጠፋም። ነገር ግን አንዱ እርሳሱን ይዞ ሲቆጥር ሌላው ቆሞ ወፍ ያያል፤ ሁለት ሰው የአንድ ሰው ሥራ መሥራቱ ነው። «ክሩን አራት አደረግሁት፤ ለምን አልፈጠነም?» እያሉ ለሚጠይቁን መልሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1967 እ.ኤ.አ. ጂን አምዳል እንዳመለከተው፣ ከሥራው ዐሥረኛው እጅ የግድ በተራ የሚሠራ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሺህ ቢሆን እንኳ ፍጥነቱ ዐሥር እጥፍ አይሞላም። ፓይተን የሚማሩት ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ በተለመደው ፓይተን ውስጥ ስሌት የሚሠሩትን ክሮች አንድ ባንድ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ታላቅ ቁልፍ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.13 ጋራ ያለዚህ ቁልፍ የሚሠራ የሙከራ ዐይነት ቀርቧል።

ቁልፉ ሌላም መዘዝ አመጣ። ጓደኛችን ቸኩሎ ደብተሩን አነሣ፤ ተማሪዋ እርሳሱን ይዛለች። «እርሳሱን ስጪኝ።» «መጀመሪያ ደብተሩን ስጠኝ።» ሁለቱም ግትር ስለ ሆኑ እኛ እስክንስቅ ድረስ ተፋጠው ቆሙ። ኮምፒዩተር የሚስቅለት የለውምና እንደ ቆመ ይቀራል፤ የስሕተት ጽሑፍም አያወጣ። ሁሉም መጀመሪያ ደብተሩን፣ ቀጥሎ እርሳሱን እንዲያነሣ ብናዝ፣ ጠቡ በዚያው ቀረ።

ይህን ስንከራከር በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ቆም አሉ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆች?»

«ሰባት ጥድ ነው አባባ» አልናቸውና ነገሩን አስረዳናቸው።

ደብተሩን አዩ፤ እርሳሱን አዩ። «ታዲያ አንድ ደብተር ለምን ያጣላችኋል? አንዳችሁ ከመንገዱ በላይ፣ አንዳችሁ ከመንገዱ በታች ያለውን በየወረቀታችሁ ቁጠሩና በመጨረሻ ደምሩት» ብለውን ሄዱ። ጓደኛችን ራሱን ነቀነቀ፤ በየመጻሕፍቱ ከቁልፍ በፊት ሊሞከር የሚገባው ይኸው ነውና።

እንዳሉት አደረግን። ማንም ማንንም አልጠበቀም፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨረስን። እየደመርን ሳለ ግን ተማሪዋ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ፣ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ በሚያልፍበት ስፍራ፣ ልክ በመካከል የቆመ አንድ ሽማግሌ ጥድ አሳየችን። «እርሱን ቆጥረኸዋል?» አለችው። «አዎን። አንቺስ?» «እኔም።»

ጥዱ የማን እንደ ሆነ እስከ በሩ ድረስ ስንከራከር ወረድን።